ምዕራፍ አምስት፦ ውሃ ቢያንቅ

«እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይላሉ አበው። የተጣላ ሰው ዳኛ ዘንድ ይሄዳል። ዳኛው ራሱ ያዳላበት እንደሆነስ ወዴት ይሄዳል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱንም ፍለጋ መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ይፋት ቆላ፣ ወደ ጀውሃ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ የደሴን አስፋልት ይዞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ጀውሃን ያገኛል፤ ሰንበቴና አጣዬም ሩቅ አይደሉም። በስተ ምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ ሜዳው ዝቅ እያለ ወደ አፋር ይወርዳል። ከደጋው የሚነሡት ሮቢና ጀውሃ ይህን ሜዳ አቋርጠው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ፤ ገበሬውም በመንገዳቸው ላይ እየጠለፈ ሽንኩርቱን ያጠጣል፤ ማሽላውንና ማሾውን ይዘራል። የይፋት ሱልጣኔት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተነሣው፣ የዘይላ ነጋዴም የተመላለሰው በዚህ አገር ነው። ዛሬም አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ይገናኛሉ።

እንዲህ ባለ አገር የጠብ ምክንያት አይታጣም። የውሃ ተራ አለ፤ ግጦሽ አለ፤ የጠፋ ከብት አለ፤ ገበያ መሐል ያመለጠ ክፉ ቃል አለ። ስለዚህ ሽማግሌ ሥራ አይፈታም። ሽማግሌው ደግሞ ደመወዝ የለውም፤ ፖሊስ አያዝም፤ ማኅተም የለውም። እንዲያም ሆኖ ቃሉ ይከበራል። ለምን?

«እሱ አይዳኘኝም»

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሽማግሌ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው፣ እውነተኛ ሰው ስለሆነ ነው» የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ነገር ግን ግማሹን ነው የሚነግረን። ሽማግሌም ሰው ነው፤ ዘመድ አለው፤ ያበደረውና የተበደረው አለ፤ ያኮረፈው ጎረቤት አለ። አገሩም ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ነገሩን በሽማግሌው ልብ ላይ ብቻ አልጣለውም፤ ሥርዓት አበጅቶለታል።

በተለመደው አካሄድ ባለጉዳዮቹ እያንዳንዳቸው የሚያምኗቸውን ሽማግሌዎች በእኩል ቁጥር ይመርጣሉ፤ ከዚያም ሁለቱም ወገን የሚስማማበት የመሐል ሰው ይጨመራል። ከተመረጡት አንዱን የማይፈልግ ሰው «እሱ አይዳኘኝም፤ ከባላጋራዬ ጋር ሥጋ ነው» ወይም «ቂም አለን» ይላል። ይህ ሲባል ሽማግሌው አይቆጣም፤ ተነሥቶ ለሌላ ይለቃል። በከተማ ፍርድ ቤት «ዳኛው ከችሎት ይነሣልኝ» የሚባለው አቤቱታ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቀጥሎ ከዛፍ ሥር ነገሩ ከሁለቱም ወገን ይሰማል። ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ ማን ተናግሮ እንደጨረሰ፣ የማን ቃል እንደተቋረጠ ይታዘባል። ሽማግሌዎቹ «እስቲ ዞር በሉልን» ብለው ይመክራሉ፤ ሲመለሱም ውሳኔውን ከነምክንያቱ ፊት ለፊት ይናገራሉ።

ሽማግሌው ራሱ በዋናነት የሚመረመረው ግን ሁሉም ከተበተነ በኋላ ነው። ውሳኔው በማግስቱ በየቡናው ላይ ይነሣል፤ ገበያ ላይ ይወራል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይተቻል። «እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምተን አናውቅም» የተባለለት ሽማግሌ ማንም ከሥልጣኑ ሳይሽረው ይሻራል፤ በሚቀጥለው ጠብ ስሙን የሚጠራው ሰው ይጠፋል። ያ ብቻ ሳይሆን ከፈረደባቸው ሰዎች ጋር አብሮ ይኖራል። ልጁን ይድራል፤ ሰብሉን ያሳጭዳል፤ ሲሞት ይቀብሩታል። ለፍርዱ በቀሪ ዕድሜው ዋስ ሆኗል ማለት ነው።

የበቅሎዋና የጭብጦዋ ነገር

«ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በቅሎ በአንድ ወቅት የባለቤቷ ትልቅ ሀብት ነበረች፤ ጭብጦ ደግሞ አንዲት ድፍን ቂጣ ናት። ተረቱን የተናገረው ሰው ግን ቂጣው ያለ አግባብ ከሚወሰድበት በቅሎውን ተሟግቶ ቢያጣ ይመርጣል። ሂሳብ ለሚያሰላ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነው። ተበድሎ ለሚያውቅ ሰው ግን ግልጽ ነው።

ቶም ታይለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ ነገር በጥናት ፈትኖታል። ከ1,500 የሚበልጡ የቺካጎ ነዋሪዎችን ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር ስለነበራቸው ጉዳይ ጠይቆ፣ በ1990 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰዎች ሕግን ለምን እንደሚያከብሩ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎቹ ዳኛን ወይም ፖሊስን ለመቀበል ትልቁ መመዘኛቸው ረቱ ወይስ ተረቱ የሚለው አልነበረም። ቃሌን ሰምቶኛል ወይ? ሳያዳላ ነው ወይ የያዘኝ? እንደ ሰው አክብሮኛል ወይ? ለእኔም በጎ አስቦልኛል ወይ? የሚመዝኑት በእነዚህ ነበር። የእኛ ገበሬ በበቅሎና በጭብጦ የተናገረውን ቺካጎ በቁጥር አረጋገጠችው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። የተረታ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፤ ከሁለት ተሟጋቾች አንዱ ማዘኑ አይቀርም። የዳኝነት ጥንካሬ የሚለካው በተረታው ሰው ነው፤ «ተረትቻለሁ፤ ግን ተሰምቻለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ መግባት ሲችል።

ከታች ወደ ላይ፣ ከማዶ ወዲህ

የዳኛን አድልዎ መከላከል የሚቻለው ጥሩ ሰው በመፈለግ ብቻ አይደለም፤ የአቀማመጥና የአነጋገር ሥርዓትም ይረዳል። በቀድሞው የዙፋን ችሎት መኳንንቱ በቀረበው ነገር ላይ አስተያየት ሲሰጡ የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ ከፍ ያለው፣ በመጨረሻ ንጉሡ። ትልቁ ሰው ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ታናሹ ያሰበውን ውጦ «ጌታዬ እንዳሉት» ይል ነበር። ዛሬ በስብሰባ ላይ ሰብሳቢው አስቀድሞ ሐሳቡን ተናግሮ ከዚያ «እስቲ ተወያዩበት» ሲል ስንሰማ ምን እንዳጣን እናስተውል።

ሁለተኛው ብልሃት ከስፔን ይምጣ፤ ነገሩ ግን የጀውሃ ገበሬ ነገር ነው። በቫሌንሲያ ከተማ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ለዘመናት ያቆዩት የውሃ ችሎት አለ። በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ ደጃፍ ይሰየማል፤ ክርክሩ በቃል ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። ዳኞቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው ከየቦዩ የመረጧቸው ናቸው። በአንድ ቦይ ላይ ክስ ሲነሣ ግን የዚያ ቦይ ተመራጭ በፍርዱ አይገባም፤ ጉዳዩን የሚመራው ከወንዙ ማዶ ያለ ዳኛ ነው። ማዶ ያለ ሰው የውሃን ነገር አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ከዚያ ቦይ ግን አንዲት ጠብታ አይደርሰውም። ዕውቀቱን ይዞ ጥቅሙን ትቶ የሚመጣ ዳኛ ማለት ይህ ነው። ዩኔስኮ ይህን ችሎት በ2009 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

በእኛም አገር በብዙ የመስኖ መንደር ተራ የሚያከፋፍል «የውሃ አባት» ይመረጣል። ራስጌ ያለው ገበሬ ውሃውን ቀድሞ ያገኛል፤ ግርጌ ያለው የሚደርሰው ከላይ የተረፈው ነው። የውሃ አባት አዳላ ቢባል መጀመሪያ የሚያውቀው የግርጌው ሰው ነው፤ ሽንኩርቱ ይነግረዋል። በ2009 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም በብዙ አገሮች ያሉ እንዲህ ዓይነት የጋራ ሀብቶችን ስታጠና ያገኘችው ይህንኑ ነው። ዘመን የተሻገሩት መንደሮች ተቆጣጣሪያቸው ከራሳቸው የወጣ፣ ወይም ተጠያቂነቱ ለራሳቸው የሆነ ነበር። ከሩቅ የተሾመ ተቆጣጣሪ የደረቀውን ማሳ አያየውም።

ሌላው ብልሃት የዳኝነትን ዘመን መገደብ ነው። ዕድርና ዕቁብ «ዳኛ» ብለው የሚጠሩት ሰው አላቸው፤ ዘመኑ ሲያልቅ መዝገቡንና ሂሳቡን በአባላት ፊት ያስረክባል። በቦረና የገዳ ሥርዓት ሥልጣን ስምንት ዓመት ነው፤ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ የመሪዎቹን ሥራ ይመረምራል፤ አጥፍቶ የተገኘውን ዘመኑ ሳያልቅ ማንሣት ይችላል። ይህን «ቡቂሱ» ይሉታል፤ መንቀል ማለት ነው። ቃሉ ጠንካራ ነው፤ እንደ አረም ከሥር ይነቀላል።

የወሬ ዳኝነት

እስካሁን ያነሣነው የከብትና የውሃ ዳኝነት ነው። ቃልን መዳኘት ከሁሉ ይከብዳል። የትኛው ወሬ ይነገር? የትኛው ይታገድ? በይፋት ቆላ ምሥራቃዊ ጠርዝ የሚኖረው አፋር ለዚህ የቆየ ሥርዓት አለው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ? ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን እንደሰማ ለይቶ መናገር ግዴታው ነው። ወሬ ያጣመመ ሰው ይጠየቃል፤ ታማኝነቱንም ያጣል። ልብ እንበል፤ ዳጉ ወሬን አያፍንም። ወሬውን ከተናጋሪው ጋር አስሮ ይሰድደዋል።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ፣ ጀውሃና በዙሪያቸው ያሉ አካባቢዎች በግጭት ሲታመሱ፣ የሰው ሕይወት ሲጠፋና ቤት ሲቃጠል፣ ወሬው የሚጓዘው ግን በዳጉ ሥርዓት አልነበረም። በስልክ ነበር። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ጽሑፍና ፎቶ በደቂቃ ውስጥ ከአገር አገር ይዞር ነበር። ያን ወሬ ይለፍ ወይም ይነሣ ብሎ የሚፈርደውን ሰው ማንም አያውቀውም። ስሙ አይታወቅም፤ ቤቱ አይታወቅም፤ ከወገን ይሁን ከባላጋራ አይታወቅም። «እሱ አይዳኘኝም» ለማለት እንኳ መጀመሪያ «እሱ» የሚባል ሰው መኖር አለበት።

ይህ ዳኝነት እንዴት እንደሚሠራ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ያሳየናል። በሐምሌ 2013 አንድ የፌስቡክ ተጠቃሚ፣ የሕወሓት ኃይሎች በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ አካባቢዎች ሰው ገደሉ፣ ሴቶችንም ደፈሩ፣ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም አግዘዋቸዋል ብሎ ጻፈ። ወሬውን ከአካባቢው ነዋሪዎች እንደሰማው ገለጸ። ጽሑፉን መጀመሪያ የለየው የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ኩባንያ አውቶማቲክ መሣሪያ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ሠራተኛ የጥላቻ ንግግር ነው ብሎ አነሣው። ጸሐፊው ይግባኝ አለ፤ ሁለተኛ ሠራተኛ አየውና እገዳውን አጸና። ጸሐፊው እንደገና ይግባኝ አለ፤ አሁን የደረሰው ሜታ ያቋቋመው ራሱን የቻለ የቁጥጥር ቦርድ ዘንድ ነው። ቦርዱ ጉዳዩን እንደመረጠው ኩባንያው «መጀመሪያም ተሳስተናል» ብሎ ነሐሴ 21 ቀን 2013 ጽሑፉን መለሰው። ቦርዱ ግን ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 በሰጠው ውሳኔ መነሣት ነበረበት አለ፤ ምክንያቱንም ለወጠው። ጥፋቱ ያልተረጋገጠ ወሬ በጦርነት መሐል ማሠራጨት ነው፤ ይህም ወደ ጥቃት ሊያነሣሣ ይችላል አለ።

እንቁጠር። አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ ተዳኘ፤ ተነሣ፣ እገዳው ጸና፣ ተመለሰ፣ እንደገና ይነሣ ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍርዶች በዝግ ቤት የተሰጡ ነበሩ። ሦስተኛው የመጣው ከውጭ ዓይን ስላረፈበት ነው። አራተኛው ብቻ ምክንያቱን ዘርዝሮ ጽፎ ለዓለም አነበበ፤ ስለዚህ የሚስማማም የማይስማማም ሰው ሊከራከርበት ይችላል። ቦርዱ ከዚህም አልፎ ኩባንያው የጥላቻ ንግግርና ያልተረጋገጠ ወሬ በኢትዮጵያ እንዴት እንደተሠራጨ ገለልተኛ ምርመራ እንዲያስደርግ መከረ። በውሳኔው ባንስማማ እንኳ ቁም ነገሩን ለይተን እንያዝ፤ ውሃ ሲያንቅ መመለሻ መንገድ ተገኝቷል። ያ መንገድ ግን ጠባብ ነው። በቀን ከሚነሡትና ሳይነሡ ከሚቀሩት እጅግ ብዙ ጽሑፎች ቦርዱ ዘንድ የሚደርሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሳይነሡ የቀሩትስ? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2015 ኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረቡት ክስ፣ የአባታቸውን ስም፣ ፎቶና የሥራ ቦታ የያዙ ጽሑፎች ከግድያው አስቀድሞ ፌስቡክ ላይ እንደወጡ፣ እንዲነሡ ቢያመለክቱም በጊዜው ሰሚ እንዳላገኙ ገለጹ። ፍርድ ቤቱ መጋቢት 25 ቀን 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። በአገራችን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያነሣ ይጠይቃል። ሕግ ሲኖርም የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ያለ አግባብ ዝም ያሰኘ ዳኛ በድሏል፤ «አቤት» ሲባል ዝም ያለም በድሏል።

ስለ ዳኞቹም እንናገር። የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ ጽሑፎችን የሚመረምሩ ብዙ ወጣቶች ናይሮቢ በሚገኝ ተቋራጭ ድርጅት ተቀጥረው ሠርተዋል። ታይም መጽሔት በ2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደዘገበው፣ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዳንዶቹ በሰዓት የሚደርሳቸው እስከ 1.50 ዶላር ዝቅ ይል ነበር። ቀኑን ሙሉ ሬሳና እልቂት ያዩ ነበር። ዳንኤል ሞታውንግ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሠራተኛ በዚያው ዓመት ከሰሰ፤ በኋላም ሌሎች ከ180 የሚበልጡ ሠራተኞች በሌላ ክስ ተከተሉ። ቤተሰቡ ጦርነት ውስጥ ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሰዓት የሚቆጠርበት ልጅ ያለ አድልዎ እንዲፈርድ የሚጠይቅ ተቋም፣ መጀመሪያ ለዚያ ልጅ ፍትሐዊ መሆን ነበረበት።

ዛፉን አናምልክ

የጀውሃን ሽማግሌ ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን የለብንም። ከዛፉ ሥር የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ሴቲቱ ስለ ራሷ ጋብቻ ሲወሰን ከዳር ቆማ የሰማችበት ጊዜ ብዙ ነው። ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ዳኛ እንዲሆኑ የጠራቸው ጥቂት ነው። ወጣቱ «ዝም በል» ይባላል። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት መንደር የፍርሃትና የይሉኝታ ኃይል ትልቅ ነው፤ ባለጠጋውን «እሱ አይዳኘኝም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ሲፈቅድ የተከራካሪዎችን ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም የግልግል ዳኛ በገለልተኛነቱ ላይ ጥርጣሬ የሚያሳድር ነገር ካለ አስቀድሞ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሽማግሌው በልማድ ሲሠራው የኖረውን ሕጉ ጻፈው፤ ሽማግሌው የዘነጋቸውንም ሕጉ ማስታወስ አለበት።

ስለዚህ ከዛፉ የምንወስደው ሥርዓቱን ነው፤ ወንበሩን ግን እናሰፋለን። ዛሬ አብዛኞቻችን በአንድ በኩል ተዳኞች፣ በሌላ በኩል ዳኞች ነን። የዕድራችን ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን አለው፤ የአገር ልጆች ማኅበር፣ የተማሪዎች ኅብረት፣ የሰፈር ኮሚቴ ሁሉ «ተናገር» እና «ዝም በል» የሚል ሰው አለው። ያ ሰው ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችላል። ከሆነ እንዲህ ያድርግ። ማን እንደፈረደ በስሙ ይታወቅ። የተከለከለው ሰው ለምን እንደተከለከለ በግልጽ ይነገረው። ይግባኙን የከለከለው ሰው ራሱ አይየው፤ ከማዶ ላለ፣ ነገሩን ለሚያውቅና ለማይጠቀምበት ሰው ይተላለፍ። ትልቁ ሰው በመጨረሻ ይናገር። በዓመት አንድ ቀን አባላት ተሰብስበው የተወሰኑትን ነገሮች ይመልከቱ፤ ዘወትር የሚከለከለው የአንድ ወገን ሰው ከሆነ ያ ቀን ይገልጠዋል። ዘመኑ ሲያልቅም ወንበሩን ያስረክብ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ያታክታል። በይፋት ግን የታከተን ዳኝነት ዋጋ አይተናል። ከግጭቶቹ በኋላ በአካባቢው የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ፣ የሞተው ላይመለስ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የሆነውን ተናግሮ መሰማት።

እንግዲህ ወደ ተረቱ እንመለስ። ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? አበው ጥያቄውን ሳይመልሱ ትተውታል ብለን እናስባለን። ነገር ግን ማዕድ ላይ ውሃ ያነቀው ሰው ሁላችንም አይተናል። ሌላ ውሃ አይሰጡትም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ጀርባውን መታ መታ ያደርግለታል፤ ትንፋሹም ይመለሳል። ዳኛም ሲያንቅ መድኃኒቱ ከሱ በላይ ያለ ሌላ ዳኛ ብቻ አይደለም። እጁ ከጀርባው የሚደርስ፣ ከአንድ ማዕድ የሚቆርስ ሰው ነው። የጀውሃ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሰው በዙሪያው ሞልቷል። ለማይታየውም ዳኛ እንዲህ ያለ ጎረቤት የማበጀቱ ሥራ የእኛ ዘመን ሥራ ነው።